ስድስት የሚቀነስበት ሰዓት

አባቴ የሚያስረው የእጅ ሰዓት ሒሳብ የሚሠራ ነበር። ከመስታወቱ በታች እንደ ምስር ፍሬ የደቀቁ ቁልፎች ተደርድረውበታል። ጎንደር ከተማ ነው የገዛው፤ እስራኤል ከገባን በኋላም የሚሞላው በኛው አቆጣጠር ነበር። ጠዋት ለዚህ አገር ሰው ሰባት ሲሆን የሱ ሰዓት አንድ ይላል። የጤና ጣቢያዋ ጸሐፊ ቶርህ፣ ቀጠሮህ ማለቷ ነው፣ አሥራ አንድ ላይ ነው ካለችው፣ አሥራ አንድ ይጫንና ስድስት ይቀንሳል፤ አምስት። ከሰዓት በኋላ ከሆነ ደግሞ ስድስት ይደምራል። እንዲህ እያደረገ በምንኖርባት ቂርያት ማላኺ ውስጥ አንድም ቀጠሮ አልፎት አያውቅም፤ ገዴራ ከተማ እኅቱ ዘንድም በአውቶቡስ ብቻውን ይመላለስ ነበር።

እኔም ቁጥር የለየሁት ከዚያ ሰዓት ላይ ነው። ትምህርት ቤት የገባሁት ካደግሁ፣ ያውም ከወለድሁ በኋላ ስለሆነ፣ ከእርሳስ በፊት የጨበጥሁት የአባቴን የእጅ አንጓ ነው ብል አላጋነንሁም።

ኋላ ባትሪው አፈሰሰና የውስጡን ቦርድ በላው። ሰዓት ሠሪው ከፍቶ ሲያሳየኝ ቀጫጭኖቹ የመዳብ መስመሮች አረንጓዴ ዱቄት ሆነዋል። ሌላ ሒሳብ የሚሠራ ሰዓት ገዛሁለት፤ ቁልፎቹ በሌላ ረድፍ የተደረደሩ ናቸውና ጣቱ አልለምዳቸው አለ። አመስግኖ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው። ከዚያ ወዲህ ብቻውን መውጣት ተወ። ሐኪም ዘንድ እኔ ካልወሰድሁት አይሄድም፤ የገዴራ ነገር ሲነሳ እኅቴ ትምጣ ይላል። እኔን ያስጨነቀኝ የሰዓቱ ነገር አልነበረም፤ አባቴ ወንበሩ ላይ ረግቶ እንዳይቀር ነው።

ያን ጊዜ ቀን ቀን ቤኤር ቱቪያ፣ የኢንዱስትሪው ሰፈር፣ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ እበይዳለሁ፤ ማታ ማታ ያቭነ ከተማ የቴክኒሻን ኮርስ እማራለሁ። የመመረቂያ ሥራሽ ምንድን ነው ስባል የአባቴ ሰዓት ቦርድ አልሁ። አስተማሪው ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን የቤተ ሙከራውን ማጉያ መነጽር እንዳሻሽ ተጠቀሚ ብሎ ፈቀደልኝ። ሥራ ቦታ ከጎኔ የምትቀመጠው፣ ከሩሲያ የመጣችው ሴት ደግሞ ሌላው ሰው ለአባቱ ኬክ ይገዛል እያለች ትቀልድብኝ ነበር። ጥቃቅኑን ዕቃ ስበይድ እንዳይነቃነቅብኝ ትንፋሼን እንዴት እንደምይዝ ያሳየችኝ ግን እሷ ናት። ሁለቱንም ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ።

የተበላውን ቦርድ ለካሁት፤ ጠርዙን፣ የብሎን ቀዳዳውን፣ በየቁልፉ ሥር ያለችውን ንክኪ ሁሉ በኮምፒውተር ሣልሁና ቦርድ ለሚያትም ድርጅት ልኬ አሠራሁት። የመጀመሪያው ወፍራም ሆኖ የኋላ ክዳኑ አልገጥም አለ። ሁለተኛውን አቅጥኜ አዘዝሁ፤ ገጠመ። ዕቃዎቹን በየቦታቸው በይጄ የሰዓቱንና የሒሳቡን ፕሮግራም ጫንሁበት። ስክሪኑን ከቦርዱ ጋር የምታገናኘዋን ቀጭን ጎማ በአልኮል ጠርጌ መልሼ ሳስቀምጥ ቁጥሮቹ ጥርት ብለው ወጡ። ከፋብሪካው የግድግዳ ሰዓት ጋር አስተካክዬ ሞላሁት። አባቴ በስህተት ተጭኖ እንዳያዛባው ብዬም ማስተካከያ ቁልፉን በፕሮግራም ቆለፍሁት። መቀነስ መደመሩም ቀረለት ብዬ ደስ አለኝ።

አባቴ አሰረው፤ መረቀኝ። ሳምንቱን ሙሉ ግን ከደጅ አልወጣም። ምነው ብዬ ብጠይቀው ሰዓቱን አየት አደረገና፣

«ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ። ግን ይሄ የጸሐፊዋ ሰዓት ነው። የኔን የት አደረግሽው?» አለኝ።

«አባባ፣ አሁን እኮ መቀነስ አያስፈልግህም።»

«መቀነሱ መች ከበደኝ? ስቀንስ ነው ከቤት የምነሳበትን የማውቀው።»

ይህን ያህል ስለፋ አንድ ቀን እንኳ ሳልጠይቀው! እኔም ሳቅሁ፣ እሱም ሳቀ። ደግነቱ ቦርዱ የራሴ ሥራ ነውና የሚከለክለኝ አልነበረም፤ ፕሮግራሙን ከፍቼ ቁልፉን ፈታሁለት። ሰዓቱን ግን እኔ አልሞላሁትም። መጀመሪያ ፀሐይዋን በመስኮት፣ ከዚያ የኔን ስልክ አየ፤ ቀነሰና በጥፍሩ ጫፍ እየተጫነ ራሱ ሞላው።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ከሥራ ወደ ቤት ብደውል የሚያነሳ ጠፋ። ደንግጬ ገዴራ ለአክስቴ ደወልሁ። እዚሁ ነው፣ ምሳ አቅርቤለታለሁ አለችኝ። መጥቼ ልውሰደው ስላት ስልኩን ለሱ ሰጠችው።

«የመመለሻውን አውቶቡስ አውቀዋለሁ» አለኝ። «አትምጪ። ሥራሽን ሥሪ። ቤሰደር?»

«እሺ አባባ፣ ቤሰደር።»

አትምጪ ተብዬ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የመበየጃውን ብረት መልሼ ሳነሳ ከጎኔ የምትቀመጠዋ ሴት ፊቴን አይታ ምን አገኘሽ አለችኝ።

«አባቴ ከቤት ወጥቷል» አልኋት።