ኮምፒውተሩ እምቢ ያለ ጠዋት

ከልጅነቷ ጀምሮ ቤተሰቡ «መፍቻ» ይላት ነበር። ሰዓት ይሁን ሬዲዮ፣ እጇ የገባ ነገር ሆድ ዕቃው ሳይታይ አይመለስም። አድጋ ልብስ ሰፊ ሆነች፤ ሾፌር አገባች። ሾፌሩ ጡረታ ሲወጣ ማንም ያልጠበቀውን አመል አመጣ፦ የሬዲዮ ድራማ መጻፍ። ኮምፒውተሩ ፊት ተተክሎ ይውላል። የጻፈውን ግን ለማንም አያሳይም፤ ለእሷም ጭምር።

በመጨረሻ አንድ የሬዲዮ አዘጋጅ ደውሎ፣ «እስከ ነገ ምሳ ሰዓት ላክልኝና ልየው» አለው። ሰውየው በደስታ ሲገላበጥ አደረ። ጠዋት ማብሪያውን ሲጫን ግን ኮምፒውተሩ ጭጭ አለ። ደግሞ ተጫነ። አሁንም ጭጭ።

«መፍቻዬ፣ ድረሽልኝ! ሞተብኝ!»

መርፌዋን ቀሚሷ ላይ ሰክታ እየሮጠች መጣች። «ማን ነው የሞተው?»

«ድራማዬ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ክው አደረግኸኝ እኮ!» አለችና ኮምፒውተሩን ስታይ ዓይኗ በራ። ለእሱ መርዶ የሆነው ለእሷ ሠርግ ሆነ።

መጀመሪያ የጠረጴዛ መብራት እዚያው ሶኬት ላይ ሰካች፤ ቦግ አለ። የስክሪኑን ገመድ ነቅላ ለኮምፒውተሩ ሰካችለት፤ ምንም የለም። ከጀርባው ያለችውን ማብሪያም አየች፤ አልጠፋችም።

«እንግዲያው ነገሩ ውስጥ ነው» ብላ ገመዱን ነቀለችና ብሎኖቹን መፍታት ጀመረች።

«ኧረ በፈጠረሽ ቀስ! ጽሑፌ እንዳይፈስ!»

«ጽሑፍ ሾርባ ነው እንዴ የሚፈሰው?»

ከፊት ማብሪያው የሚነሳውን ቀጭን ሽቦ በጣቷ ተከትላ ሄደች። ጫፉ ከቦታው ወልቆ ተንጠልጥሏል። ቀና ብላ አየችው።

«ትናንት ስልኩን ስትዘጋ ምን አደረግህ?»

«ምን አደርጋለሁ... ትንሽ ዘለልኩ።»

«በየት በኩል?»

«ጠረጴዛውን ነካ አድርጌው ይሆናል» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ሳቋን እንደምንም ውጣ ሽቦውን መለሰች። ገመዱን ሰኩ፣ ተጫኑ፤ ጭጭ። ሰውየው ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። እሷ ግን ጭራሽ ጋለች። ገመዱን መልሳ ነቅላ፣ በስልኳ መብራት ስታፈጥ ሽቦው ከሚሰካባቸው ትንንሽ ብረቶች አጠገብ ጉንዳን የሚያካክሉ ፊደሎች አየች። «ቆይ ቆይ ቆይ! ጎረቤቱ ብረት ላይ ሰክቼዋለሁ!» ሽቦውን አዛወረች፤ ገመዱን ሰካች።

«በል ተጫን።»

«አንቺ ተጫኚ፣ እኔ ልቤ አይችልም።»

ተጫነች። ማራገቢያው እርርር ብሎ ተነሳ፣ ስክሪኑ በራ። ባልና ሚስት ተቃቅፈው ጮኹ፤ እሱ ሊዘል ሲል ትከሻውን ይዛ አስቀረችው።

ድራማው ለአዘጋጁ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ፣ «ደርሶኛል፤ ዛሬውኑ አነበዋለሁ» የሚል መልስ መጣ።

«አሁን ለእኔ አንብብልኝ» አለች ወንበር ስባ። «የደከምኩበትን አልሰማም እንዴ?»

መጀመሪያ አፈረ። ከዚያ ቆመና የሌባውን ድምፅ በአፍንጫው፣ የዳኛውን በጉሮሮው እያወጣ ጀመረ። በሳቅ ብዛት እንባዋ ወረደ። ውሃ ሊጠጣ ሲያቋርጥ ብርጭቆውን ነጠቀችው።

«መጀመሪያ ንገረኝ፤ ሌባው ተያዘ?»