የኦዲል እጥፋት

የፓሪስ ማራገቢያ ሠዓሊዎች በሥራቸው ላይ ስማቸውን አይጽፉም። ይህ ልማድ ቶማሲን ቫሬንን አዳናት፤ ጓደኛዋን ግን አስበላ።

ቶማሲን ብሩሿም ምላሷም ስለታም ነበር። የዳቦ ዋጋ ጣራ በነካበት ዓመት በአንድ ተጣጣፊ የወረቀት ማራገቢያ ላይ በጎች ሳለች። ግማሹን ሲከፍቱት በጎቹ ሣር ይግጣሉ። ሙሉውን ሲዘረጉት ግን ከእጥፋቱ ውስጥ የግብር ሚኒስትሩ መቀስ ይዘው ብቅ ይላሉ፤ ጠጉሩን ሸልተው ጨርሰው ቆዳውን ጀምረዋል። ወይዛዝርቱ ቲያትር ቤት ውስጥ እየዘረጉ በሳቅ ፈረሱ፤ ቶማሲንም ጮቤ ረገጠች።

ወረቀቱን ያጠፈችው እትዬ ኦዲል ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ የሌላት፣ ሃያ ዓመት ከቶማሲን ጎን ተቀምጣ የሠራች ሴት። እንደሷ በጥፍሯ ጫፍ ቀጥ አድርጋ የምታጥፍ በከተማው አልነበረችም።

አንድ ቀን ፖሊስ ማራገቢያውን ይዞ መጣ። የማራገቢያ ሠሪዎች ማኅበር ሽማግሌ ዘርግተው አዩትና፣ «ሥዕሉን እንጃ፤ እጥፋቱ ግን የኦዲል ነው» አሉ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ማነው የሳለው?» አለ ፖሊሱ ወደ ኦዲል ዞሮ።

«እኔ የማጥፈው ወረቀት ነው ጌታዬ። ሥዕል ማየት ሥራዬ አይደለም።»

ቶማሲን ብሩሿን ከኋላዋ ደብቃ ቆማለች። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ሦስት ልጆቿ ትዝ አሏት፤ ብሩሿን እጀጌዋ ውስጥ ሸጎጠች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የቶማሲን ዝምታ ግን ነቀዘ። ኦዲል አሥራ አንድ ወር ስትታሰር እሷ አበባ ብቻ ሳለች። ሰኞ ሰኞ ዳቦና አይብ ይዛ እስር ቤቱ በር ድረስ ትሄዳለች፤ ዘበኛው ከማን እንደሆነ ሲጠይቃት «ከዘመድ» ብላ ትመለሳለች። ራሷን ተጸየፈች።

ኦዲል ስትፈታ ጣቶቿ ከእስር ቤት ልብስ አጠባ ብዛት አብጠው አይታጠፉም ነበር። ቶማሲን እግሯ ላይ ወደቀች።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ የሳልኩት! ይቅር በይኝ!»

«ተነሺ ባክሽ። ይሄ ለኔ አዲስ ወሬ ነው? ሚኒስትሩን እጥፋቱ ውስጥ የደበቀልሽ ማን መሰለሽ? እየሳቅሁ ነው ያጠፍኩት።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«አንቺ ልጆች አሉሽ፤ እኔ ማን አለኝ ብዬ ነዋ።» ኦዲል ያበጡ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ያንንስ ወድጄ ነው፣ አልቆጭም። ግን ሰኞ ሰኞ ዳቦው ሲመጣ ዘበኛውን ከማን ነው እለው ነበር። ዛሬስ ስሟን ትናገር ይሆናል እያልኩ። አሥራ አንድ ወር ሙሉ፣ ‹ከዘመድ› ነበር የሚለኝ።»