ደመወዝ ያለው ዋስ

ጌታ ይመስገን ቅዱሳን! ያደረገልኝን ነገር ዝም ብዬ ብይዘው ስለከበደኝ ነው ዛሬ እዚህ የቆምኩት። መጋቢ "አጭር አድርጊው" ብለውኛል። አስተማሪ ነኝና ቃል አልገባም።

የተወለድኩት እዚሁ ላሊበላ ነው። አባቴ ቄስ ናቸው፤ አያቴም ቄስ ነበሩ። በፊዚክስ መምህርነት ተመርቄ ስመለስ ሰፈሩ ሁሉ "መምህርት" ይለኝ ጀመር፤ የማስተምረው ሰው ግን አልነበረኝም። ትምህርት ቢሮ በሄድኩ ቁጥር "ማስታወቂያ ሲወጣ ተከታተዪ" ይሉኛል። ያን የማስታወቂያ ሰሌዳ ከዘበኛው ይልቅ ያየሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም። እንግዳ ሲመጣ ሆቴል ገብቼ አልጋ አነጥፋለሁ። እንግዳ ሲጠፋ የባጃጅ ባለቤቶችን ልጆች አስጠናለሁ። ያም ሲጠፋ ጋሸና ሄጄ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ አቀርባለሁ። አንዱ ሾፌር "ፊዚክስ ተምረሽ ሽሮ ታመላልሻለሽ?" ብሎ ሲስቅብኝ፣ ሳህኑን አስቀምጬለት ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ። ያን ጊዜ እግዚአብሔርን የማየው እንደዚያ ቢሮ ነበር፤ ሁልጊዜ ነገ ተመለሺ የሚል።

የምግብ ቤቱ ባለቤት እትዬ አስካለ ጌታን የሚያውቁ ሴት ናቸው። ተከትለውኝ ገቡ። አላባበሉኝም። "አልቅሺና ሲወጣልሽ ጥሪኝ፤ እጸልይልሻለሁ" አሉኝ።

"ሥራ እንዲሰጠኝ ይጸልዩልኝ" አልኳቸው።

"ሥራውን እንጃ ልጄ። ሰጪውን ግን ላስተዋውቅሽ" አሉ።

በዚያች ጓዳ፣ ከሽንኩርቱ ጆንያ አጠገብ፣ ኢየሱስን ጌታዬ አልኩት። ሃሌሉያ! ሥራ አላገኘሁም፤ በማግስቱም ሽሮ አመላለስኩ። ልቤ ግን አረፈ።

ለቤተሰቤ ስነግር አባቴ አልጮኹም። "ከዛሬ ጀምሮ አንቺና እኔ የምንነጋገረው ነገር የለንም" አሉ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። መንገድ ላይ ሰላም ስላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። እውነቱን ልንገራችሁ ወገኖቼ፣ ከሥራ ማጣቱ ይልቅ እሱ ነበር የሚያቃጥለኝ። ሌላ ቤት ተከራይቼ ወጣሁ።

ከዚያ እዚሁ ከተማ አንድ የግል ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ፈለገ። ተፈተንኩ። ክፍል ገብተሽ አስተምሪ አሉኝ፤ አስተማርኩ። አለፍኩ! ክብር ለስሙ ይሁን! ርዕሰ መምህሩ "እንኳን ደስ ያለሽ። እስከ ዓርብ ደመወዝ ያለው ዋስ ይዘሽ ነይ። ካልሆነ ተጠባባቂውን እንጠራለን" አሉኝ።

ሥራ የፈለጋችሁ የዋስን ነገር ታውቁታላችሁ። ፈተናውን ያለፈ ሁሉ ዋሱን አያልፍም። እኔ ግን አልሰጋሁም፤ የአባቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ደሳለ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ገና ተማሪ ሳለሁ "ሥራ ስታገኚ ዋስሽ እኔ ነኝ" ይሉኝ ነበር። ሄድኩ።

"ወንድሜ ያኮረፋትን ልጅ ብዋስ ምን ይለኛል?" አሉኝ። "ደግሞስ ሃይማኖቷን የለወጠች ነገ ምን ትለውጣለች?" ብለው በሩን ዘጉት።

ወደ እናንተ መጣሁ። ጸለያችሁልኝ፤ ተባረኩ። ግን ቅዱሳን፣ አንዳችን ባጃጅ ነጂ፣ አንዳችን ጉልት ቸርቻሪ፤ ደመወዝተኛ ከመካከላችን ጠፋ! ሐሙስ ዕለት እናቴን መንገድ ላይ አገኘኋትና ነገርኳት። ሆዴ ስለባሰኝ እንጂ ዋስ ታመጣልኛለች ብዬ አልነበረም።

ዓርብ ጠዋት "አልተሳካልኝም" ለማለት ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። "ጌታ ሆይ፣ ሽሮም ባመላልስ ካንተ ጋር ነኝ" እያልኩ ነበር የምሄደው። በሩ ላይ ጋሼ ደሳለ ቆመዋል። ዓይኔን ማየት ከብዷቸዋል።

"አባትሽ ጉድ ሠሩኝ" አሉ። "ትናንት ድንጋይ ተሸክመው ደጄ ላይ ቆሙ።"

ወገኖቼ፣ በእኛ አገር ድንጋይ ጫንቃው ላይ አድርጎ ደጅ የሚቆመው በዳይ ነው፤ ይቅር በለኝ ብሎ። አባቴ ማንንም አልበደሉም። ታላቅ ናቸው፤ ቄስ ናቸው። ጋሼ ደሳለ እንኳ ሰላም የሚሏቸው መስቀላቸውን ተሳልመው ነው።

"'ወንድም ጋሼ፣ ስለ እግዜር ያውርዱት፤ ጎረቤት እያየ ነው' ብላቸው፣ 'ይይ! እሺ ሳትለኝ አላወርድም' አሉኝ" አሉ ጋሼ። "ምን አሉኝ መሰለሽ? 'ሃይማኖቷን አልወደድኩላትም፤ ወደፊትም አልወድላትም። ልጄ ግን አትሰርቅም፤ አትዋሽም። ለዚህ ዋሷ እኔ ነኝ። አንተ ደመወዝ አለህና ለትምህርት ቤቱ ብቻ ዋስ ሁንላት።'"

እዚያው በሩ ላይ ቁጭ አልኩ። እግዚአብሔር ይመስገን! እግዚአብሔር ይመስገን!

ጋሼ ፈረሙልኝ። በቀጥታ ወደ አባቴ ቤት ሄድኩ። ደጅ ተቀምጠው ነበር፤ ማጅራታቸው ተልጧል። ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ስል ፊታቸውን አላዞሩም።

"ፈረመልሽ?" አሉኝ።

"አዎ አባባ።"

"በይ እንግዲህ፣ የሰው ልጆች እንዳትመቺ" አሉኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ የሰማሁት የአባቴ ድምፅ ይሄ ነው። አልመታም ቅዱሳን፤ አንዱንም አልመታሁም!

ይኸው ዛሬ አስተምራለሁ። ሥራ ፈላጊ ወንድሞችና እህቶች፣ አልጋ የምታነጥፉ፣ የሰው ልጅ የምታስጠኑ፣ ጌታን እመኑት። ይሰማል። በየትኛው በር እንደሚመጣ ግን አትምረጡለት። እኔ ከዚህ አዳራሽ ስጠብቀው እሱ መስቀል በያዙ በአባቴ በኩል መጣ።

አንድ ነገር ልለምንና ልቀመጥ። ሁልጊዜ "አባትሽ እንዲድኑ እንጸልይ" ትሉኛላችሁ፤ ስለ ፍቅራችሁ ተባረኩ። ዛሬ ግን ለእሳቸው ምንም አትለምኑ። ስለ እሳቸው አመስግኑልኝ።