አሸዋው የሚቆረጥበት ቀን

ዙልሚራ ሰው አትወድም ይሏታል። ሐሰት ነው። ተቀምጦ መረብ የሚጠግን ሰው ትወዳለች፤ ቆሞ ውሃ የሚያይ ሰው ትችላለች። የጠፋ ፍየል ሳይኖረው፣ የሚቀብረው ዘመድ ሳይኖረው፣ ቦርሳ አዝሎ ከአንዱ የባሕር ዳርቻ ወደ ሌላው የሚሄደውን ግን አትችለውም። በሰባ ሦስት ዓመቷ ሌላ የምትጠላው ነገር አጥታ አይደለም፤ ጥላቻዋን በየሜዳው መበተን ስለተወች ነው።

ቤቷ የካሬጋል መንደር መጨረሻ ላይ ነው። ጓሮዋ ሐይቁ፣ ደጇ የአሸዋው ኮረብታ፣ ከኮረብታው ማዶ ውቅያኖሱ። ሐይቁንና ውቅያኖሱን አንድ ቀጭን የአሸዋ ግድግዳ ብቻ ይለያቸዋል። ክረምቱን ጅረቶቹ ሐይቁን ይሞሉታል፤ በመጋቢት የመንደሩ ሰው ግድግዳውን ይቆርጠዋል፤ ሐይቁ ወደ ባሕር ይፈሳል፤ ባሕሩም ጨዉንና የዓሣ ጫጩቱን ይዞ ይገባል። ከሳምንታት በኋላ ማዕበሉ ራሱ አሸዋውን መልሶ ይደፍነዋል። ካሬጋል ዓመቱን ሙሉ የሚበላው በዚያች ቀዳዳ የገባውን ነው።

የሚቆረጥበትን ቀን የሚመርጠው ባሏ አዴሪቶ ነበር። የሾመው የለም፤ ሌሎች ሁለት ጊዜ መርጠው ሁለት ጊዜ ስለሳቱ ብቻ ነው። ሕጉ አንድ ነበር፦ ከአሸዋው ሥር የተቀበረው ጥቁር ዐለት ካልታየ፣ ተቧጨረ እንጂ አልተቆረጠም። አዴሪቶ ከሞተ ስድስት ዓመቱ። ቀኑን ማዘጋጃ ቤቱ ወረሰው፤ ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ከቀናት ሁሉ የሚያውቀው ቅዳሜን ነው። አምና ቅዳሜ በኤክስካቫተር ተቆረጠ፤ ተጨበጨበ፤ ዐለቱ ሳይታይ ሰኞ ተደፈነ። ሙቀቱ ሲመጣ የሐይቁ ዓሣ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተንሳፈፈ፤ ሽታው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ደረሰ። ከስምንቱ ጀልባዎች ሦስት ቀሩ። አንደኛው የአዴሪቶ ነው፤ ዙልሚራ ራሷ ትቀዝፈዋለች። እንዲህ ያለ ሁለተኛ ዓመት ከመጣ የሚቀዘፍበትም አይኖርም።

የጀልባውን ሥራ ከሁሉ ቀድሞ የተወው የአዴሪቶ ታናሽ ወንድም ቤልሚሮ ነው። ዛሬ ቦርሳ አዝለው ለሚያልፉት እግረኞች የማዘጋጃ ቤቱ መንገድ ጠባቂ ሆኗል፤ በየጥዱና በየድንጋዩ ሁለት መስመር ይቀባል፣ አንድ ሰማያዊ፣ አንድ አረንጓዴ። የዙልሚራንም ቤት ግድግዳ ቀባ። በቢላዋ ፋቀችው። ደግሞ ቀባ፤ ደግማ ፋቀች። ሰባት ጊዜ ያህል ተፈራረቁበት።

«ግድግዳሽን አይደለም እኮ የምቀባው፣» አላት አንዴ፤ «መንገዱን ነው።»

«መንገዱ መሬት ላይ ነው። ጎንበስ በልና እሱን ቀባ።»

«ሰው እንዳይጠፋ ብዬ ነው።»

«ድሮስ ሳይጠፉ ነው እዚህ የመጡት?»

ዘንድሮ በመጋቢት፣ አንድ ማክሰኞ፣ የሐይቁ ውሃ የጓሮዋን ሦስተኛ የድንጋይ ደረጃ ሸፈነ። እባብ የሚመስለው ቀጭኑ ዓሣ ከየሸምበቆው ሥር ወጥቶ ወደ አሸዋው ግድግዳ ሄዶ ተከማቸ፤ የባሕሩን ጨው በአሸዋው ውስጥ ያሸተዋል ይላሉ የካሬጋል ሰዎች። ዙልሚራ ጫማዋን ለውጣ ወደ መጠጥ ቤቱ ሄደች። ቤልሚሮ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር የወይራ ፍሬ እየበላ ነበር።

«ውሃው ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነው፣» አለች፣ ሰላም ሳትል።

«ደስ ይበልሽ፣» አለ ቀና ሳይል።

«ዓሣው ግድግዳው ሥር ተከማችቷል። ነገ ጨረቃ ሙሉ ናት፤ ባሕሩ ከሁሉ ቀን ርቆ የሚሸሸው ነገ ነው። ነገ ይቆረጥ።»

«ቅዳሜ ነው የሚቆረጠው። ታትሟል።»

«ምኑ?»

«ወረቀቱ ነዋ። ሦስት መቶ ሰው ተመዝግቧል። ቀላል ጉዞ፣ ለሁሉም ዕድሜ የሚሆን። ሲቆረጥ ያያሉ፣ ሾርባቸውን ይጠጣሉ፣ ይሄዳሉ። የመጀመሪያውን ዶማ የምመታው ደግሞ እኔ ነኝ።»

«ጨረቃዋ ወረቀቱን አንብባዋለች?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ቤልሚሮ የወይራውን ዘር ከአፉ አውጥቶ ሳህኑ ላይ ጣለና፣ «አዴሪቶ ሞቷል፣ ሴትዮ። የሱ ቀንም አብሮት ሞቷል፣» አለ።

ሳቁ ቆመ። እንዲህ ያለ ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ ተናጋሪውም ያየዋል፤ ግን ቤልሚሮ ከማስተባበል ይልቅ ሌላ ፍሬ መጉረስን መረጠ።

«ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ጀልባ ስትቀዝፉ እሱ ውሃ ያይ ነበር፣» አለች ዙልሚራ። «አንተ ምን ታይ ነበር?»

መልስ ሳትጠብቅ ወጣች።

በማግስቱ ከሰዓት በፊት የባሏን ዶማ በትከሻዋ አድርጋ፣ ዳቦና የተጠበሰ ዓሣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ከአሸዋው ግድግዳ ቀጭኗ ቦታ ላይ ደረሰች። በመንደሩ በኩል፣ በደቡቡ ዳር ቆማ መቆፈር ጀመረች። አሮጊት በዶማ የምትቆፍረው ቦይ ምን ያህል ነው? ክንድ የሚያህል ስፋት፣ ጉልበት የሚያህል ጥልቀት። የሚበቃውም ያ ነው። ውሃን መግፋት አያስፈልግም፤ ክረምቱን ሙሉ የተከለከለውን መፍቀድ ነው። ሰውም እንዲሁ ይመስለኛል፤ የሚያፈርሱት ትልልቆቹ ግፊቶች ሳይሆኑ አንድ ቀን የተከፈተለት ጭረት ነው።

ሁለት እግረኞች ከመንደሩ በኩል መጡ። ረጅሟ ሴት ሁለት ዘንግ ይዛለች።

«ቦም ዲያ!» ብላ ሰላምታ ሰጠች በተሰባበረ አነጋገር፣ ስልኳን ለፎቶ እያነሣች።

«ወደዚያ ከተሻገርሽ በዚህ አትመለሽም፣» አለቻት ዙልሚራ በዶማዋ ወደ ሰሜን እያመለከተች።

ሴትዮዋ አንድ ቃል ሳይገባት በደስታ ራሷን ነቀነቀች፤ ጓደኛዋም ነቀነቀ፤ ቦዩን ተራምደው ሄዱ። የሚያልፍ ሰው ትሑት ሊሆን ይችላል፣ ደግም ሊሆን ይችላል። ቦታው ግን ምንም አይነጥቀውም፤ ስለዚህ አያውቀውም። ዙልሚራ ይህን በቃል ልትናገረው አትችልም ነበር። ምራቋን ትፍ ብላ መቆፈሯን ቀጠለች።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ባሕሩ መሸሽ ጀመረ። የመጨረሻዋን የአሸዋ ክምር በዶማዋ ጀርባ ገፋቻት። ጣት የማታህል ውሃ፣ ቡናማ፣ ገለባ የተሸከመች፣ በቦዩ ውስጥ እየተንጠባጠበች ወደ ውቅያኖሱ ወረደች።

ያኔ ቤልሚሮ እየሮጠ መጣ። አንዱ በስልክ ነግሮት ነበር። አካፋ ይዟል። ቦዩ ውስጥ ዘሎ ገባና ሁለት አካፋ አሸዋ ከእግሩ በስተኋላ ጣለ። ውሃዋ ቆመች፤ ቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ ተጠራቀመች።

«አብደሻል፣» አላት እያለከለከ።

«እግርህን አንሣ።»

«ሥራዬን ልታሳጪኝ ነው? ሦስት መቶ ሰው ቅዳሜ መጥቶ ምን ሊያይ ነው? ተቆርጦ ያለቀ ጉድጓድ?»

«ባሕር አይበቃቸውም? እግርህን አንሣ።»

«አላነሣም። እዚሁ አመሻለሁ።»

ዙልሚራ ዶማዋን ጣለችና አሸዋው ላይ ተቀመጠች። አልለመነችውም፤ ጨርቋን ፈትታ ዳቦዋን መብላት ጀመረች። «አምሽ። የወንድምህ ጀልባ የሚሄድበት ውሃ እግርህ ሥር ነው። አንተ ነህ የምትቆምበት።»

ቤልሚሮ ወደ ውቅያኖሱ አየ። ማዕበሉ የተወው እርጥብ መስመር ከውሃው ሃያ እርምጃ ርቆ ነበር፤ እያየውም ራቀ። ወደ ሐይቁ ዞረ። ከግድግዳው ሥር ውሃው ይንቀጠቀጣል፤ ሺህ ቀጫጭን ጀርባዎች። ማወቅ ከሰው ቶሎ አይወጣም፤ ሊረሳው የፈለገ ሰው ላይ እንኳ ዐይኑ ያምፅበታል።

«ነፋሱ ከትናንት ጀምሮ ከየት ነው?» አለ በመጨረሻ።

«አፍንጫ የለህም?»

ነበረው። የምሥራቅ ነፋስ ነው፤ አሸዋ የማይመልስ። ነፋሱ ቅዳሜ እንደሚገለበጥም የሚያመው ጉልበቱ ነግሮታል።

በዚያው ቅጽበት ከሰሜን በኩል አምስት እግረኞች እየሳቁ ወደ ቦዩ ሲመጡ ታዩ። አንዱ እግሩን ሊነክር ጫማውን ያወልቃል። ቤልሚሮ ጮኸባቸው፤ አልሰሙም። ያኔ እግሩን አነሣ። ውሃውን ለመልቀቅ ይሁን ሰዎቹን ለማስቆም፣ ዳኛ ፊት ቢቆምም ለይቶ የሚናገር አይመስለኝም። ያነሣውን እግር ግን በሰሜኑ ዳር አሳረፈ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። መጀመሪያ እንደ ቀበቶ ነበረ፤ ቤልሚሮ እግረኞቹን በአካፋው እየገፋ ወደ ኋላ ሲመልስ እንደ አልጋ ሰፋ፤ ዞር ብሎ ሲያይ የሁለቱም ዳር አሸዋ በየቁራሹ እየተገመሰ ይወድቅ ነበር፤ ዳቦ የመሰለ ቁራሽ፣ ከዚያ ላም የሚያህል፣ ከዚያ ቤት የሚያህል። ሐይቁ ያጓራ ጀመር።

«ለማዘጋጃ ቤቱ እናገራለሁ!» ጮኸ ከማዶ።

«ተናገር። ዋኝተህ አድርስላቸው።»

ያኔ ነው የገባው። ቤቱ በመንደሩ በኩል ነው፤ እሱ ደግሞ በሰሜኑ ዳር። ቀሪው መንገድ ሐይቁን ዞሮ በጥዶቹ ውስጥ፣ ራሱ በቀባው መስመር፣ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር። እግረኞቹ ወረቀታቸውን ዘርግተው ይጨቀጭቁታል፤ አንዱማ «ቀላል» የሚለውን ቃል በጣቱ እየመታ ያሳየዋል።

ዙልሚራ ዶማዋን አንሥታ ትከሻዋ ላይ አደረገች። «ቀላል ነው፣» አለችው፣ ድምፅዋን ከውሃው በላይ ከፍ አድርጋ። «ለሁሉም ዕድሜ ይሆናል።»

ሲመሻሽ የጓሮዋ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ነበር። ቤልሚሮ እግሩን እየጎተተ በቤቷ ግድግዳ በኩል መጣ፤ አካፋውን እንደ ምርኩዝ ይዞታል። ውሃ አልሰጠችውም። አልጠየቀም። የተፋቀው ቀለም ፊት ቆመና ትንሽ አየው።

«ነገ ደግሜ እቀባዋለሁ፣» አለ።

«ቢላዋዬ የተሳለ ነው።»

ሊሄድ ሁለት እርምጃ ተራመደ፤ ቆመ። ፊቱን ወደሷ አልመለሰም።

«ዐለቱ ታየ?»

ዙልሚራ አስጠበቀችው። የሚያመው እግር የትኛው እንደሆነ እስክትለይ ድረስ አስጠበቀችው።

«ታየ፣» አለች። «ሁለት ክንድ።»

ራሱን ነቀነቀና ሄደ። እጇን ዘርግታ ሦስተኛውን ደረጃ ዳሰሰች። እርጥብ ነበር፤ ውሃ ግን አልነበረበትም።