አደራ አልከፍትም ያለችው ትርፍነሽ

የትርፍነሽ እጆች ሥራ አይፈቱም። ዛሬም ጄኔቭ ሰርቬት ሰፈር ባለችው ጠባብ ማዕድ ቤቷ ሰው የሰጣትን ጥቅል ሁሉ ሻንጣ ውስጥ ትደረድራለች፤ የሚሰበረውን በሹራብ ትጠቀልላለች፣ የሚፈሰውን በላስቲክ ትቋጥራለች። ከጄኔቭ ወደ ዙሪክ በሄደች ቁጥር ዕቃ የማይልክባት ሐበሻ የለም። ምን እንደሆነ ግን ጠይቃ አታውቅም። ነውር ነዋ!

ባለፈው ዓመት ጎረቤቷ ናኒ አንድ ትንሽ ጥቅል ይዛ መጣች።

"እትዬ፣ ይቺን ዙሪክ አጠገብ ዋሊሰለን ለሚኖሩት አባዬ ይስጡልኝ። እዚህ በዓል ውለው ሲመለሱ ረስተዋት ነው። ብቻ ማንም እንዳያይ!"

ዙሪክ ከባቡር ስትወርድ ሁለት ፖሊሶች ከፊቷ ቆሙ። ትርፍነሽ እንዳደገችበት ሥርዓት አንገቷን ደፋች፤ ሹም ፊት ዓይን አይተከልም። እነሱ ደግሞ ዓይኗን መስበሯን አይተው ጠረጠሯት። መታወቂያዋን ሰጠች፤ ቦርሳዋን ዘረገፈች፤ ጫማዋንማ ሳይጠይቋት አወለቀች። የናኒ ጥቅል ላይ ሲደርሱ ግን እቅፍ አደረገችው።

"ምንድን ነው?" አለ አንደኛው በሰባራ ፈረንሳይኛ።

"አላውቅም።"

"የማን ነው?"

"የሰው።"

"ክፈቺው።"

"አደራ ነው። አልከፍትም።"

ነጥቀው ከፈቱት። ከነጭ መሐረብ ውስጥ የላይኛው መንጋጋ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ወጥቶ ሳቀባቸው። ወጣቱ ፖሊስ ወደ ኋላ ዘለለ።

ጥርሱን መለሱላት። ከሳምንታት በኋላ ግን "የፖሊስ ትእዛዝ አልፈጸመችም" የሚል የቅጣት ደብዳቤ ቤቷ ደረሰ። ትርፍነሽ የምታጸዳው አየር ማረፊያ ነው። መዝገቧ ላይ ጥፋት ከሰፈረ የመግቢያ ካርዷን ይወስዱባታል፤ ካርድ ከሌለ ሥራ የለም። ጠበቃ ይዛ ተከራከረች።

ጠበቃዋ "የዕቃው ባለቤት መጥተው ይመስክሩ" አለች። የናኒ አባት ጋሼ ገረመው ደግሞ ጥርሳቸው እስኪደርስላቸው ድረስ ለቤተ ክርስቲያናቸው ሰው ሁሉ "ጾም ጸሎት ይዣለሁ" እያሉ ሾርባ ብቻ ሲጠጡ የከረሙ ሰው ናቸው።

"ትርፍነሽ፣ በፈጠረሽ! በአደባባይ ጥርሴን ልታስቆጥሪ ነው?"

"ጋሼ፣ የእርስዎ ጥርስ እኮ እንጀራዬን ሊበላብኝ ነው!"

መጡ። ዳኛዋ "ለምን አልከፈቱትም?" ብላ ስትጠይቃት፣ ትርፍነሽ በአስተርጓሚ በኩል "ክብርት ዳኛ፣ የእርስዎን ጥርስ ይዤ ቢሆን መንገድ ላይ እንድከፍተው ይወዱ ነበር?" አለች። ዳኛዋ ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ነከሰች። ጋሼ ገረመው ድንገት ተነሥተው "ጥርሱ የኔ ነው!" ብለው አፋቸውን እስከ ጥግ ከፈቱ። አሳዩን ያላቸው ሰው አልነበረም።

ውሳኔው ተነበበ። ዓይን መስበር ብቻውን ሰውን ለመፈተሽ ምክንያት አይሆንም፤ ፍተሻው ሕጋዊ አልነበረም፤ ቅጣቱም ተሽሯል። ካርዷ ተረፈላት። ትርፍነሽ ለማመስገን እንደገና አንገቷን ብትደፋ ጠበቃዋ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

አሁንም የሰው ዕቃ ትይዛለች፤ አሁንም አትጠይቅም። ጠበቃዋ ግን "ሁልጊዜ እንዲህ አይቀናሽም" ብላ አስጠንቅቃታለች። ስለዚህ ይህን ለምታነቡ ሁሉ አንድ ልመና አላት። ራሷ አፍ አውጥታ ስለማትናገር እዚህ እንዲጻፍላት ፈለገች፦ እባካችሁ፣ ዕቃ ስትሰጧት ውስጡ ምን እንዳለ ሳትጠይቃችሁ ንገሯት።