ቅዳሜ የት ይሄድ እንደነበር

የአውቶቡስ ጋራዡ ሠራተኛ በሙሉ «ረጋ በል» ነበር የሚለው። ስሙን ያወጡለት ሊቀልዱበት ነው። ሌሎቹ ሾፌሮች ተሽቀዳድመው ሲከንፉ፣ እሱ አንዲት አሮጊት ወጥታ እስክትቀመጥ ፍሬኑን ረግጦ ይጠብቃል። ከኋላው ጡሩምባ ቢያንባርቁበት ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አንዲት ዶሮ እንኳ ሳይገጭ እንደሚጨርስ ሁሉም ይምልለት ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት የሆነውም በእሱ ጥፋት አልነበረም። ዝናብ አባርቶ አስፋልቱ ገና ያብረቀርቃል። አውቶቡሱ ሆስፒታሉ ፊት ለፊት ካለው ፌርማታ ተነስቶ ፍጥነት መያዝ ሲጀምር፣ ከቆመ የጭነት መኪና ጀርባ አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠው፤ ግን ያን የሚያህል አውቶቡስ እንዲህ በቀላሉ አይቆምም።

የትራፊክ ፖሊሱ መንገዱን ለካ፣ ተሳፋሪዎቹ መሰከሩ፣ «ጥፋት የለብህም» ተብሎ ተሰናበተ። የሟቹ ሽማግሌ ልጅ እንኳ ጣቢያው በር ላይ ትከሻውን ነካ አድርጎ፣ «አባባ ጆሯቸው አይሰማም ነበር። አንተ ምን ታደርግ?» አለው።

ቢሰድበው ይሻለው ነበር። የተሰደበ ሰው መልስ አያጣም።

ትንሽ ሰንብቶ ሥራ ገባ። የስምሪት ኃላፊው «ሥራው ራሱ ያስረሳሃል» ብሎት ነበር፤ አላስረሳውም። ሆስፒታሉ ጋ ሲደርስ እጆቹ መሪው ላይ ድርቅ ይላሉ። አንድ ቀን ጭራሽ ፌርማታው ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ቁጭ አለ።

«ኧረ ሾፌር! ረፈደብን እኮ!» ጮኸ ከኋላ አንዱ።

«ተኝተሃል እንዴ?» አለ ሌላው።

ትኬት ቆራጯ ልትቆጣው እየተንደረደረች መጣችና ፊቱን ስታየው ቁጣዋን ተወችው። በላብ ተጠምቋል፤ ጥርሱ እርስ በርሱ ይማታል። እጆቹን ከመሪው ላይ ጣት በጣት አላቀቀችለት።

ቤት ውስጥም ያው ነበር። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ስለተቀመጠ ሲገባም ሲወጣም ታየዋለች። ምግብ ስታቀርብለት ሁለቴ ጎርሶ «በቃኝ» ይላል። መታጠቢያ ቤት ይገባና ቧንቧውን ከፍቶ እዚያው ይቆያል። «ምን ሆንክብኝ?» ስትለው «ምንም» ነው መልሱ። ቢጨንቃት ታላቅ ወንድሙን ጠራችው። ወንድምየው መጣ፣ ተቀመጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንተ ወንድ ልጅ አይደለህም እንዴ? ጦር ሜዳ የከረመስ ምን ይበል? ጠንከር በል እንጂ!»

«እሺ፣ ወንድም ጋሼ» አለ ረጋ በል። በጣም ጠንክሮ የነበረ ሰው እንዲህ ሲባል «እሺ» ከማለት በቀር ምን ይላል?

በመጨረሻ ድርጅቱ «ሐኪም ሳያይህ መሪ አትጨብጥም» ስላለው ነው ጤና ጣቢያ የሄደው። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ከታናሽ እህቱ የምታንስ ልጅ ናት። ለብቻው ስታነጋግረው አንገቱን ከመነቅነቅ ያለፈ አልተነፈሰም። እሷም አላስጨነቀችውም፤ «ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰበሰቡ ወንዶች አሉ። መናገር ግዴታ አይደለም። መጥተው ይቀመጡ» አለችው።

የሚሰበሰቡት እግርና ወገባቸው የተጎዳ ሰዎች በሚታሹበት ክፍል ውስጥ ነበር። በአንድ በኩል መራመድ የሚለማመዱበት የብረት መደገፊያ አለ፤ ጥግ ላይ አንዲት ከቦታዋ የማትነቃነቅ ብስክሌት። የፕላስቲክ ወንበሮቹን ክብ ሠርተው ይቀመጡባቸዋል። አንዱ ሥጋ ሻጭ ነው፣ አንዱ የሒሳብ አስተማሪ፤ ሌሎችም አሉ። ሁሉም የሐኪም ተራ እንደሚጠብቅ ሰው መሬት መሬት ያያሉ።

«በረኛው» ከሚሉት ሰው በቀር። በረኛው አካፋ የሚያካክሉ መዳፎች ያሉት ረጅም ሰው ነው። በወጣትነቱ ስሙ ያልገነነ ቡድን ውስጥ ግብ ጠባቂ ነበር፤ አሁን የጣውላ መጋዘን ኃላፊ ነው። ረጋ በል በመጀመሪያው ቀን በር ላይ ሲያመነታ አይቶ ከጎኑ ያለውን ወንበር ሳበለት።

«ግባ፣ ግባ። እኔ የምመጣው ወንበሩ ባዶ እንዳይቀር ነው። ይቺን ብስክሌት ታያታለህ? እንደኛው ናት። ላቧን እንጂ መንገዷን አታገኝም።»

ሥጋ ሻጩ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ክፍሉ ውስጥ ሰው የሚስቀው በእሱ ቀልድ ነበር። ባለሙያዋ «ዛሬ እንዴት ነዎት?» ስትለው እንኳ፣ «ዕድሜ ልኬን የመጣውን ሁሉ ስይዝ ኖሬ፣ አሁን የምለቅበት ጠፋኝ» ይላታል። «ምኑን ነው የሚለቁት?» ስትለው ደግሞ «ኳሱን ነዋ!» ብሎ ይገላገላታል።

አንድ ቅዳሜ ግን ቀልዱ መሐል ላይ ተቋረጠበት።

«እኔ እኮ ምንም የጎደለኝ ነገር የለም» አለ። «ሚስቴ ወርቅ ናት። ልጆቼ ለቁም ነገር በቅተዋል። ጠዋት ስነቃ ግን ደረቴ ላይ የሆነ ሰው ቁጭ ያለብኝ ይመስለኛል። ምን ሆንክ ብትለኝ ምን እላታለሁ? ሰው ያለ ምክንያት ይታመማል?»

ከዚያ አለቀሰ። ያን የሚያህል ሰው ድምፁ እየተቆራረጠ ሲያለቅስ ሁሉም ጫማቸውን አዩ። ረጋ በልም የራሱን ጫማ አየ። ሥጋ ሻጩ ተነስቶ አንድ ብርጭቆ ውኃ አቀበለው። በረኛው ጠጣና አፉን ጠርጎ፣ «ይቅርታ፣ አንዱ ሾልኮብኝ ገባ» አለ። ሁሉም ሳቁ፤ እፎይ ብለው ነው የሳቁት።

ስብሰባው ሲያልቅ በረኛውና ረጋ በል አብረው ይወጡ ነበር። ረጋ በል ከአደጋው ወዲህ በእግሩ እንጂ በአውቶቡስ እንደማይሄድ በረኛው ደረሰበት።

«ና፣ ዛሬ ተሳፋሪ ትሆናለህ» አለው። «ሾፌሩን እኔ በዓይኔ እጠብቀዋለሁ።»

የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሆስፒታሉ ጋ ሲቃረቡ በረኛው በዚያ ትልቅ መዳፉ የረጋ በልን የእጅ አንጓ ጨበጠና፣ በገዛ መረቡ ውስጥ ኳስ ስለጣለበት ቀን ማውራት ጀመረ። ደጋፊው እንዴት እንዳሳደደው፣ በሴቶች መጸዳጃ ቤት በኩል እንዴት እንዳመለጠ። ረጋ በል ሲስቅ ፌርማታውን አልፈውት ነበር። ያን ቀን ቤቱ ገብቶ የቀረበለትን ጠርጎ በላ፤ ሚስቱም እንዳታስደነግጠው ፈርታ ያላየች መስላ ሳህኑን አነሳች።

ከዚያ በረኛው አንድ ቅዳሜ ቀረ። ስልኩ አይነሳም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ባለሙያዋ ገባችና እንደ ወትሮው አልተቀመጠችም።

«በረኛው አርፈዋል» አለች። «ራሳቸውን ነው ያጠፉት።»

ሥጋ ሻጩ እጁን አናቱ ላይ ጫነ። «ሲያስቀን አልነበር እንዴ?» አለ ደጋግሞ። «ሲያስቀን አልነበር?»

«አጠገቤ ተቀምጦ!» አለ ረጋ በል። እዚያ ክፍል ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። «አጠገቤ ተቀምጦ እንዴት አላየሁም?»

ባለሙያዋ ዓይኗ ቀልቷል። «እኔም አላየሁም» አለች።

ረጋ በል ሊያጽናና ወደ ሟች ቤት ሄደ። የበረኛው ሚስት ዘመድ ከቧት ተቀምጣለች። አንዱ የሟች አጎት ለሚገባው ሁሉ «ልቡ ነው፣ ድንገት ነው» ይላል። ረጋ በል «እግዜር ያጽናዎት» ብሎ ጥግ ይዞ ተቀመጠ።

«ከኳሱ ነው የምትተዋወቁት?» አለችው ሴትየዋ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ያሠለጥን ነበር። ከነዚያ ልጆች አንድ እንኳ ሳይመጣ ቀረ። ይህን ሁሉ ጊዜ የለፋላቸው ልጆች!»

አጎትየው አፍጥጦ አየው።

«አዎ» አለ ረጋ በል። «ከኳሱ ነው።»

ብዙም ሳይቆይ ተሰናብቶ ወጣ። ሴትየዋ ልትሸኘው ተነሳች፤ የግቢው በር ላይ ሲደርሱ መንገዱን ዘጋችበት።

«ኳስ ነክተው የሚያውቁ አይመስሉም» አለችው በቀስታ።

ከዚህ በኋላ መዋሸት አልቻለም። ክፍሉን፣ ወንበሮቹን፣ እዚያ ምን እንደሚያደርጉ ነገራት። እያደመጠችው ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

«ስለ እኔ ያወራ ነበር?»

«ሚስቴ ወርቅ ናት ይል ነበር። ምን ሆንክ ብትለኝ ምን እላታለሁ፣ ይል ነበር።»

«ቢያዋየኝ ኖሮ ምንም አልለውም ነበር እኮ» አለች። «ምንም። ዝም ብዬ አጠገቡ እቀመጥ ነበር።» የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለችው፤ መልሳ ፈታችው። «አልቅሶ ያውቃል?»

«አንድ ቀን።»

«ማን አቀፈው?»

ረጋ በል መልስ ፈለገ። የሚያጽናና ውሸት በአፉ ሞልቶ ነበር።

«ውኃ ሰጠነው» አለ።

ያን ቀን ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ስፌት ላይ ነበረች። ኮቱን ሳያወልቅ አጠገቧ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«አይተውኝ ነበር» አላት።

«ማን?»

«ሽማግሌው። ዓይን ለዓይን ተያየን። እጃቸውን አነሱልኝ፤ ቁም ሳይሆን አመሰግናለሁ እንደሚል ሰው። የማሳልፋቸው መስሏቸዋል።»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ሚስቱ ክሩን እንኳ ሳትበጥስ ተነስታ ጭንቅላቱን ሆዷ ላይ ያዘችው። እሱም አለቀሰ፤ እሷም እስኪወጣለት ድረስ አልለቀቀችውም።

ረጋ በል ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም። ድርጅቱ ጋራዥ ውስጥ ጎማና ፍሬን እንዲመረምር መደበው። ደህና የሚውልበት ሳምንት አለ፣ ከአልጋ ለመነሳት የሚታገልበትም አለ። ቅዳሜን ግን አይቀርም፤ መናገርም ጀምሯል፤ ብዙ አይደለም።

አንድ ቀን ከስብሰባው በፊት የበረኛው ሚስት ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆማ አገኛት። ክፍሉን ማየት ትፈልጋለች። አስገባት።

«የት ነበር የሚቀመጠው?»

ወንበሮቹ በየሳምንቱ ይቀያየራሉ። ቢሆንም መስኮቱ አጠገብ ያለውን አሳያት። ተቀመጠችበት፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ብረቶቹንና ግድግዳውን እያየች ቆየች። ኋላ ተነስታ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰችው።

«ክፍሉ ይበርዳል» አለች። «ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ ሹራቡን አስለብሰው ነበር።»