የሻምበሉ የባሕር ዳርቻ

ባለቤቴን ለማግባት ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ኖርማንዲ ላይ ሁለት ጊዜ ተሸንፌአለሁ። ኖርማንዲ የነበረው ኮልፌ፣ በአባቷ ሳሎን ውስጥ ነው።

አባቷ ጡረታ የወጡ ሻምበል ነበሩ። በጃንሆይ ጊዜ ኮርያ ዘምተው ተመልሰዋል። ኋላም ለትምህርት ውጭ አገር በተላኩ ጊዜ፣ አንድ የባሕር ማዶ መኮንን ጦርነትን በጠረጴዛ ላይ መጫወት አስተማራቸው። ጡረታ ሲወጡ የሳሎኑን እኩሌታ ለዚህ ሰጡት። ሁለት በርሜል ላይ ሰፊ ሳንቃ አጋድመው፣ ግማሹን የተነፋ አሸዋ አፈሰሱበት፤ ግማሹን ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ አለበሱት። አሸዋው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጦር ከባሕር የወረደበት የፈረንሳይ ዳርቻ፣ ኖርማንዲ ነው፣ ቆርቆሮው ባሕሩ። ጀልባዎቹ የሰርዲን ጣሳ ነበሩ። ወታደሮቹን እርሳስ አቅልጠው ያፈሰሷቸው ራሳቸው ናቸው፤ ቁመታቸው ከትንሽ ጣት አይበልጥም። ከባሕር የሚመጡት አረንጓዴ፣ ዳርቻውን የሚጠብቁት ጀርመኖች ግራጫ ተቀብተዋል።

አንድ ወታደር በየተራው ግማሽ ስንዝር ይራመዳል። መመታት አለመመታቱን የምትወስነው በየጎኗ ነጥብ ያላት፣ የምትጣል ኩብ ናት። ተራው በዞረ ቁጥር ሻምበሉ ቆርቆሮውን በአሸዋው ላይ አንድ ጣት ያህል ይገፉታል፤ ባሕሩ ሞላ ማለት ነው። ቆስሎ የወደቀ ወታደር ውሃው ከደረሰበት እንደሞተ ይቆጠርና ጫማ ካርቶን ውስጥ ይገባል።

እኔ ጦር ኃይሎች አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። እሷ እዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። አንድ እሁድ አባቷ እንዲያዩኝ ቤት ይዛኝ ሄደች። ሻምበሉ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና፣

“አስተማሪ ነህ አሉ።”

“አዎ ሻምበል።”

“በል እንግዲህ፣ ከባሕር ና።”

መጣሁ። ጀልባዎቼን መሐል ለመሐል አሰለፍኳቸው፤ መትረየሳቸው እዚያው ጠበቀኝ። ከአሸዋው እኩሌታ የደረሰ አንድም ሰው አልነበረኝም። እሷ ሶፋው ላይ የተማሪዎቿን ፈተና እያረመች ዋለች።

በሁለተኛው እሁድ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የታሪክ መጽሐፍ አንብቤ ሄድኩ። ምንም አልጠቀመኝም፤ ካርቶኑ እንደገና ሞላ። አፈርኩ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሜዳሊያና የደንብ ልብስ ፎቶግራፍ አየሁና፣ እኚህ ሰው የሚፈልጉት ወታደር አማች ነው ብዬ ደመደምኩ። ጨርሶ አስቤው የማላውቀውን ነገር ተናገርኩ፦

“እንዲያውም የጦር ትምህርት ቤት ለመግባት እያሰብኩ ነው።”

“እንዲህ ነው?” አሉ። ኩቧን አንስተው ኪሳቸው ከተቱ። ሻዬን ሳልጨርስ ተሸኘሁ።

በሳምንቱ መካከል የላክኋቸው ሽማግሌዎች “እናስብበት” ተብለው ተመለሱ። በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት የለምና አልከፋኝም ነበር። ነገር ግን አንደኛው ሽማግሌ፣ “ልጄ፣ ፊታቸውን አልወደድኩትም” አሉኝ። እሷም በዚያ ሳምንት መምህራን ክፍል ስንገናኝ ሰላምታዋ ቀዝቅዞ ነበር። አርብ ዕለት ብቻ፣ “እሁድ ና፤ እኔም እጫወታለሁ” አለችኝ።

እሁድ እጅጌዋን ሰብስባ አጠገቤ ቆመች። ሻምበሉ ተገረሙ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ስታይ እንጂ ስትነካው አላዩም።

“አባዬ መትረየሱን ከመሐል አያነሳም” አለችኝ ጮክ ብላ፣ እሳቸው እየሰሙ።

“ማንሳት ካስፈለገ አነሳለሁ” አሉ።

“እናያለን።”

አብዛኞቹን ጀልባዎች እንደ ልማዴ መሐል ላይ አሰለፈች። ጥቂቶቹን ግን ጭቃ ተመርጎ በተሠራው ገደል ሥር በጎን ሰደደቻቸው። መሐል ያሉት እየወደቁ፣ ሻምበሉም ኩቧን እየጣሉ፣ ባሕሩ እየሞላ፣ የጎኖቹ ገደሉን ወጡ። ሻምበሉ ሲያዩአቸው መትረየሱን ለማዞር ዘግይተው ነበር። አንድ አረንጓዴ ወታደር መትረየሱ ባለበት ምሽግ ላይ ቆመ፤ አሸነፍን።

እኔ አጨበጨብኩ። ሻምበሉ መነጽራቸውን አወለቁና፣ “ካርቶኑን አምጡት” አሉ። ገለበጡት። ካሸነፈው ጦር አብዛኛው እዚያ ውስጥ ነበር። አንድ በአንድ እያነሱ በየወደቁበት ያቆሟቸው ጀመር፤ እኛም አገዝናቸው። ይህን እያደረጉ፣ ቀና ሳይሉ ማውራት ጀመሩ።

“ኮርያ አንድ ድንኳን ውስጥ አብሮኝ የሚያድር መቶ አለቃ ነበር። እጮኛ ነበረችው። እሱ እዚያው ሞቶ ቀርቶ እኔ ስመለስ፣ ልብሱን ያስረከብኳት እኔ ነኝ። አላለቀሰችም። ሹራቡን አጠፈችው፤ ደግሞ ዘረጋችው፤ ደግሞ አጠፈችው። እስክወጣ ድረስ እንደዚያው ነበረች።” ወደ ልጃቸው አዩ። “ይቺን ሁለት መኮንኖች ጠይቀዋት መልሻቸዋለሁ። አንተ አስተማሪ ነህ ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር።”

ያን ጊዜ ገባኝ። “ሻምበል፣ የጦር ትምህርት ቤት የመግባት ሐሳብ የለኝም። ደስ የሚልዎት መስሎኝ ነው።”

“ዋሸኸኝ?”

“ዋሸሁ።”

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። “ውሸት ደስ ሲያሰኘኝ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው” አሉ።

ድፍረት አገኘሁና፣ ጦርነትን እንዲህ ከጠሉት ለምን እንደሚጫወቱት ጠየቅኋቸው።

“እዚህ የሚሞት የለማ” አሉ፣ እጃቸው ላይ የነበረውን ወታደር አሸዋው ውስጥ እየተከሉ። “ከምሳ በኋላ ሁሉም ይነሣል።”

ወደ አውቶብስ ፌርማታው ስትሸኘኝ ተቆጣኋት። “ወታደር እንደማይፈልጉ እያወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?”

መንገዱ ላይ ቆመች። “እውነትህን መስሎኝ ነበር” አለች። “ሳምንቱን ሙሉ የማስበው የአባዬን ነገር አልነበረም። ‘ሄዶ ቢቀርስ’ እያልኩ ነበር።”

አውቶብሱ መጣ፤ አሳለፍነው። የሚቀጥለው እስኪመጣ አጥር ተደግፈን ቆየን። ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ ተመልሰው ሄዱ። በዚህኛው ጉዞ ምሳ በልተው መጡ። ከፋሲካ በኋላም ተጋባን።